ምን ይቀነስ? ማንስ ይቀንስ?



ውድ አንባቢ ሆይ! ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ የሚመለስ ዘመድ ያለዎት እንደሆነ የሻንጣን ነገር ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከተፈቀደው ኪሎ አልፎ ይገኛል፤ ይከፈትና «ይህ ይውጣ፣ ያ ይቅር» የሚለው ክርክር ይጀመራል። ይህን ክርክር በስልክ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የታዘብኩት ነገር ቢኖር መጀመሪያ የሚወጣው ከባዱ ዕቃ አለመሆኑን ነው። መጀመሪያ የሚወጣው በቦታው የሌለው ሰው ዕቃ ነው። ለአገር ቤቷ አክስት የታሰበችው ሩብ ኪሎ የማትሞላ ሻሽ ትወጣለች፤ አምስት ኪሎው ብርድ ልብስ ግን ባለቤቱ አጠገቡ ቆሟልና ይቀመጣል።

ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብኩት ስለ ሻንጣ አይደለም። ሦስት ጊጋባይት ገደማ የሚሆን የኮምፒዩተር ሥርዓት ሁለት ጊጋባይት ብቻ በምትይዝ አንዲት ፍላሽ ውስጥ ስለ ማስገባት ነው። ሆኖም ነገሩ ከሻንጣው ብዙ እንደማይርቅ እያደር ያዩታል።

የማስተምረው በወሎ በሚገኝ አንድ መድረሳ ነው። ልጆቹ ቀኑን በመደበኛው ትምህርት ቤት ይውሉና ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ እኛ ይመጣሉ። በቅርቡ በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢያችን ልጆች አሰባስበው ሰባት ያገለገሉ ላፕቶፖች ላኩልን። እነዚህ ላፕቶፖች ከሥራ የወጡት ተበላሽተው አይደለም። ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት ከአምራቹ ያገኝ የነበረው የተለመደ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ፕሮሰሰር ያላቸውን ማሽኖች አይቀበልም። ስለዚህ በሀብታም አገር ብዙ ደህና ኮምፒዩተር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጡረታ ወጣ። ለጋሾቹ የግል መረጃቸውን አጥፍተው፣ ሃርድ ዲስኩን ባዶ አድርገው ነው የላኩት። እንዲህ ማድረጋቸውም ተገቢ ነበር። ለእኛ ግን ባዶ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ማለት ክዳኑ የሚከፈት ጥቁር ሳጥን ማለት ነው።

«ዊንዶውስ የሚጭን ልጅ መቼ ጠፋ?» ይሉኝ ይሆናል። አልጠፋም። በየሱቁ ያለ ፈቃድ እየተገለበጠ ይጫናል። እኔ ግን ስለ አማና የማስተምራቸውን ልጆች የሰው ንብረት በተሰበረ ቁልፍ በተከፈተበት ማሽን ላይ አስቀምጬ ማስተማር አልፈለግሁም። ደግሞም አያስፈልግም። ሊኑክስ የሚባል አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 እምብርቱን ሠርቶ ለሰው ሁሉ ለቀቀው። በ1993 ደግሞ ኢያን መርዶክ የተባለ ሰው ደቢያን የተሰኘውን ማኅበር ጀመረ፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች በእምብርቱ ዙሪያ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሰባስበው፣ ፈትሸውና አስማምተው ያቀርባሉ። ነፃ ፕሮግራሞቹን መገልበጥ፣ ውስጣቸውን ማየት፣ መለወጥና ለሌላ መስጠት የተፈቀደ ነው። ይህን አስቀድሜ የነገርኩዎት ከዚህ በታች የማወራው ቅነሳ በሰው ዕቃ ላይ እጅ ማስገባት እንዳይመስልዎ ነው።

ደቢያን የሚሰጠው አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ኢሜጅ ይሉታል። ፋይሉ እንዳለ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ ላፕቶፑ ከፍላሹ ይነሳና ሥርዓቱን ወደ ሃርድ ዲስኩ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣውን ደቢያን 12፣ ኤክስኤፍሲኢ ከተባለው ቀለል ያለ ገጽታ ጋር፣ አንድ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ከአዲስ አበባ በሃርድ ዲስክ ይዞልን መጣ። ሦስት ጊጋባይት ገደማ ነው። የእኛ ፍላሽ ሁለት ጊጋባይት ናት። ይህቺ «ሁለት ጊጋ» የምትባለዋ ነገር ራሷ ሁለት ዓይነት ቆጠራ አላት። ሻጩ ሁለት ቢሊዮን ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ብዙ ኮምፒዩተሮች ደግሞ በ1024 እያካፈሉ ስለሚቆጥሩ 1.86 ብቻ ብለው ያሳዩዎታል። ሌባ የለም፤ የቁና ልዩነት ነው።

አሁን ከእርስዎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ከመድረሳው ኮሚቴም ሰምቼዋለሁና፦ «ለምን ትልቅ ፍላሽ አይገዛም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። በገበያ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ሞልቷል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ግን በውስጣቸው ያለው መቆጣጠሪያ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። ኮምፒዩተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ሲለው «64» ይላል፤ እውነቱ ግን አራት ወይም ስምንት ይሆናል። ከእውነተኛው ልክ ያለፈ ነገር ሲጻፍበት እምቢ አይልም። ተቀብሎ ይጥለዋል፣ ወይም ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደርበዋል። የፋይሉ ስም ይታያል፤ ሲከፍቱት ግን የለም። የሠርግ ቪዲዮአቸውን እንዲህ ያጡ ቤተሰቦች በሰፈራችን አሉ። (ኤፍ 3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም የፍላሽን ትክክለኛ ልክ ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጣል፤ አዲስ ፍላሽ የገዛ ሰው ሁሉ ሰርግም ሐዘንም ከመቅረጹ በፊት ቢፈትሽበት መልካም ነው።) የእኛዋ አሮጌ ሁለት ጊጋ በዚሁ ፕሮግራም ተፈትሻ እውነተኛ ሆና ተገኝታለች። እንደ እሷ ያሉ ፍላሾች በየመምህሩ ኪስ፣ በየቁልፍ መያዣው ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ለሁለት ጊጋ የሚበቃ ነገር ካዘጋጀን ከእኛ አልፎ ሌላው መድረሳና ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ በስልክ ዳታ ለሚያወርደውም ወጪው ይቀንሳል።

ሌሎች መንገዶችም ነበሩ። ደቢያን ራሱ ትንሽ ጫኝ አለው፤ ነገር ግን እሱ መነሻውን ብቻ ይዞ ቀሪውን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ነው። ሰባት ላፕቶፕ ሰባት ጊዜ ሊያወርድ! ታይኒ ኮር የሚባል ከ30 ሜጋባይት በታች የሆነ ሥርዓትም አለ። ያስደንቃል፤ ግን እንደተነሳ ደብዳቤ የሚጻፍበት የቢሮ ፕሮግራም የለውም፤ ለእኛ ልጆች የሚሆነውን ሁሉ እላዩ ላይ መጨመር ሊኖርብን ነው። ስለዚህ ትልቁን ወስደን መቀነስ የተሻለ ሆኖ ታየን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ማጠፍና መቁረጥ። በዚህች መጽሔት ገጾች ላይ (ሰ.ዐ.ወ) የሚለውን ሲያዩ ሦስት ፊደል ብቻ አያነቡም፤ «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» ብለው ሙሉውን ይላሉ። ከቃሉ የጠፋ ነገር የለም፤ የተቆጠበው ቀለምና ወረቀት ነው። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ያደርጋል። የሚደጋገመውን አንድ ጊዜ ጽፎ በሌላው ቦታ ምልክት ይተካል፤ ሲከፈት ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ማጠፍ ነው። የሊኑክስ ኢሜጅ ሆድ ዕቃው ስኳሽ-ኤፍ-ኤስ በሚባል የታጠፈ ፋይል ውስጥ ነው፤ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 የሊኑክስ እምብርት አካል ሆኗል። ደግሞ ኤክስ-ዜድ በተባለው አጥባቂ ዘዴ ከታጠፈ እንደገና በማጠፍ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የታጠፈ ነጠላ ከዚያ በላይ ቢጫኑት አይቀንስም። የቀረው መቁረጥ ነው፤ መቁረጥ ደግሞ ፍርድ ይጠይቃል።

ስለ መቁረጥ በእኛው ቂርአት ቤት የምናውቀው አለ። ኢማም አር-ራፊዒይ «አል-ሙሐረር» የተባለውን ኪታብ ጻፉ። ኢማም አን-ነወዊይ እሱን አሳጥረው «ሚንሃጅ አጥ-ጧሊቢን»ን አዘጋጁ። ሼኽ ዘከሪያ አል-አንሷሪይ ደግሞ ሚንሃጁን አሳጥረው «መንሀጅ አጥ-ጡላብ» አሉት። አንድ ደረሳ በእጁ የሚይዘው ቀጭን ኪታብ የትልልቆች ኪታቦች ጭማቂ ነው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ነወዊይ አጫጭር መስመሮችን እየመረጡ አላወጡም። ሙሉውን የሚያውቅ፣ የትኛው ቃል ቢወጣ የትኛው መስአላ እንደሚፈርስ የሚያይ ሰው ነው ያሳጠረው። አሳጥረውም ሲያበቁ ማስተካከያ ጨመሩበት። ሙኽተሰር የሚባለው ሥራ ከረጅሙ የሚከብደው ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ላፕቶፑ ልመለስ። በመድረሳው በደህና የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተር አለ። በእሱ ላይ የታጠፈውን ፋይል ዘረጋነው፤ እጅግ ሰፋ። አብሮኝ የሚሠራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ትዕግሥቱ አጭር። በአንድ መመሪያ ላይ ያነበበውን ይዞ መጣ። መመሪያው በዓለም ሁሉ የሚሰጥ የታወቀ ምክር ነው፦ «ከእንግሊዝኛ በቀር የቋንቋ ማኅደሮቹን በሙሉ ሰርዝ፤ ብዙ ቦታ ታተርፋለህ።»

«ኡስታዝ፣ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል» አለኝ። «ከመቶ በላይ ቋንቋ ነው የተጫነው። ማን ይጠቀምበታል?»

«አማርኛውስ?»

«እሱም ይሄዳል። ኮምፒዩተር በአማርኛ የሚጠቀም ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ዐረብኛውስ?»

ዝም አለ። ዐረብኛውን ሲሰርዝ ራሱን አላሰበውም ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ልጁን አይፍረዱበት። መመሪያውን የጻፈው ሰውም ክፉ አይደለም። በጠረጴዛው ዙሪያ እንግሊዝኛ ብቻ ስለሚነገር ሌላው ሁሉ ትርፍ ክብደት ሆኖ ታየው፤ የአክስቷ ሻሽ ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነው ግን የእኛ ልጅ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ በዚያ ሰው ዓይን የገዛ ቋንቋውን «ትርፍ» ብሎ ማየቱ ነው።

«መጀመሪያ እንመዝን» አልኩት። እያንዳንዱ ማኅደር ስንት ቦታ እንደያዘ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። መዘንን። የአማርኛው የምናሌና የመልእክት ትርጉም በሙሉ ጥቂት ሜጋባይት ሆኖ ተገኘ። አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፊደል መልክ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እኛ በአንዱ ማሽን የጻፍነው በሌላው ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ። ስንት ዓመት የተለፋበት ነገር አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚመዝነው። እሱን ብንሰርዘው ለሁለት ጊጋዋ ፍላሽ የሚተርፋት ቦታ ከሁለት ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ለዚህች ትርፍ አንዲት ልጅ ስሟን በፊደሏ እንዳትጽፍ ልናደርግ ነው።

ታዲያ ከባዱ የት ነበር? ከባዱ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ የሚያገለግሉ የፊደል መልኮች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች ስላሏቸው በጣም ይሰፋሉ፤ ከእነሱ ጋር የሚሄዱ የመጻፊያ ፕሮግራሞችና መዝገበ ቃላትም አሉ። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው የቢሮ ፕሮግራም የእርዳታ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተደጋግሞ ተቀምጧል። የትልልቅ ግራፊክስ ካርዶችና የማናውቃቸው የኔትወርክ ካርዶች ፈርምዌር አለ። የጫኙ ሁለተኛ ቅጂ የሚሆን፣ ያለ እሱም ሥራው የሚሠራ የፓኬጅ ክምችት አለ። ብርድ ልብሶቹ እነዚህ ናቸው።

አወጣጡም ሥርዓት አለው። ፋይሉን በእጅ እየያዙ መሰረዝ አይገባም። በሊኑክስ ውስጥ ፕሮግራሞች እንደ ጎረቤት አንዱ በሌላው ይመካሉ፤ አንዱን ሲያፈርሱ ሦስተኛው ቤት ይዘማል። ስለዚህ በተዘረጋው ሥርዓት ውስጥ እንደ ቤተኛ ገብተን አፕት የተባለውን የፓኬጅ አስተዳዳሪ «ይህን አውጣ» እንለዋለን። እሱ ደግሞ ከማውጣቱ በፊት «ይህ ከወጣ እነ እገሌም አብረው ይወጣሉ» ብሎ ዝርዝር ያሳያል። ዝርዝሩን ሳያነቡ «እሺ» ማለት የለም። ለተማሪዬ ያስተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አደርገው ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ተራ የሚመስል ነገር ይውጣ ሲል ዝርዝሩ ውስጥ የመላው ገጽታ ዋና ፓኬጅ ብቅ አለ። ራሱ «ወየው!» ብሎ እጁን አነሳ።

ፈርምዌሩ ላይ በጣም ተጠንቅቀናል። ፈርምዌር ማለት ዋይፋዩን፣ ግራፊክሱን የመሳሰለው ዕቃ ሲነሳ የሚጭነው የራሱ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ደቢያን ለረጅም ዘመን ነፃ ያልሆነውን ፈርምዌር በዋናው ኢሜጁ ውስጥ አያስገባም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ከደቢያን 12 ጀምሮ አስገቡት። ያስገቡት ሰዎች ዋይፋያቸው አልነሳ ብሏቸው የተቸገሩትን አስበው ነውና በጅምላ ማውጣት ጥሩ አይደለም። ሰባቱንም ላፕቶፖች በደቢያኑ ትንሽ ጫኝ አንድ በአንድ አስነስተን በውስጣቸው ያለውን ካርድ በስሙ መዘገብን። የእነሱ ቀረ፤ የሌላው ወጣ።

የሰነድ ማኅደሩን ተማሪዬ በሙሉ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። ከእሱ ውስጥ የአጠቃቀም ትንተናውን አወጣን፤ የእያንዳንዱን ፕሮግራም የባለቤትነትና የፈቃድ ጽሑፍ ግን ተውን። ጥቂት ቦታ ይይዛል። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች «ሥራዬን ውሰዱ፣ ስሜንና ቃሌን ግን ከሥራው አትለዩ» ብለው ነው የሰጡን። በነፃ የተሰጠ ነገር ላይ ይህችን ማጉደል ደግ አይደለም።

ከኮሚቴው አንድ አባት «ፊልም ማጫወቻውን አውጡት» አሉን። ለምን እንዳሉ ይገባኛል። ነገር ግን በዚያው ማጫወቻ ነው ልጆቹ የቃሪዎችን ድምፅ የሚያዳምጡት፤ የቋንቋ ትምህርቱም በእሱ ነው። ልጅ የሚጠበቀው ማጫወቻ በማውጣት ሳይሆን አጠገቡ በመቀመጥ ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሳቸውም ካሰቡበት በኋላ «እንግዲያው ተቀመጥ» አሉኝ፤ ይኸው እየተቀመጥኩ ነው።

ለመቀነስ ተነስተን የጨመርነውም አለ። አቢሲኒካን አጸናነው። በእንግሊዝኛ ቁልፍ ድምፁን እየነኩ ፊደሉን የሚያወጣውን የአማርኛ መጻፊያ ጨመርን። ለዐረብኛው አሚሪ የተባለውን የፊደል መልክ አስገባን። አሚሪ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካይሮው ቡላቅ ማተሚያ ቤት የተቀረጸውን ውብ የኅትመት ፊደል መሠረት አድርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ፈትሓውና ከስራው ከፊደሉ ሳይጋጭ በቦታው ይቀመጣል። ከልጆቻችን ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ብዙ ናቸው። የአፋን ኦሮሞው ትርጉም ትንሽ ነው፤ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለየ የፊደል መልክም አይፈልግም። እሱም ቀረ።

አሁን አንድ ነገር እርስዎ ሳይጠይቁኝ ልናገር። ቻይንኛውንና ጃፓንኛውን ስናወጣ እኛስ በቦታው የሌለውን ሰው ዕቃ ከሻንጣ አላወጣንም ወይ? አውጥተናል። ይህ ከሕሊናዬ አልተሰወረም። ልዩነቱ እኛ የምናዘጋጀው ለታወቁ ሰባት ላፕቶፖችና ለታወቁ ልጆች መሆኑ ነው፤ ሙሉው ኢሜጅ ደግሞ ሳይነካ በደቢያን ዘንድ አለ። አንድ የሻንጋይ መምህር ለክፍሉ ልጆች ሲያሳጥር አማርኛውን ቢያወጣ አልቀየመውም። የሚከፋኝ አሳጥሮ ሲያበቃ «ይህ ሙሉው ነው» ቢል ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪዬ በደብተር ሁለት ዓምድ ይዞ ነበር፦ የወጣ፣ የገባ።

መልሶ ማጠፉ ከመዘርጋቱ እጅግ ይረዝማል። አሮጌው ኮምፒዩተራችን ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ተወው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት ሄደ። በማግስቱ እንደገና ጀመርን፤ በዚያኛው ቀን መብራቱ ታገሠን። የታጠፈውን ፋይል ወደ ቦታው መልሰን፣ የመጠኑንና የፓኬጆቹን ዝርዝር አድሰን፣ ሙሉውን ኢሜጅ በአንድ ፋይል ስናስር ከሁለት ቢሊዮን ባይት በታች ሆኖ ወጣ። ተማሪዬ አሃዞቹን ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት እየቆረጠ ቆጠራቸው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ማመሳከሪያው ላንሳ፤ መዝለል የለበትምና። ደቢያን ከእያንዳንዱ ኢሜጅ ጋር 64 ፊደልና አሃዝ የሆነ የማመሳከሪያ ቁጥር ያወጣል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ከአዲስ አበባ የመጣልንን ፋይል ሳንነካው በፊት ከዚህ ቁጥር ጋር አመሳክረን ትክክል መሆኑን አይተናል፤ በእጅ ለእጅ የመጣ ነገር ከምንጩ ጋር ሳይመሳከር መቀበል በእኛ ሙያ ነውር ነው። ከቀነስነው በኋላ ግን ያ ቁጥር የእኛ አይደለም። ስለዚህ ለአዲሱ ኢሜጅ የራሱን ቁጥር አውጥተን በመነሻ ገጹ ላይ «ከደቢያን 12 ተቀንሶ የተዘጋጀ፤ የደቢያን ማኅበር ያወጣው አይደለም» የሚል መስመር አኖርን። ጉድለት ቢገኝ ለእነሱ ሳይሆን ለእኛ ይነገር።

ጭነቱ እንደታሰበው ሄደ። ከፍላሹ የሚጫነው ሥርዓት የታጠፈውን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስኩ ስለሚዘረጋ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር የለም። በሁለት ቀን ሰባቱም ተነሱ። ቋንቋቸውን ወደ አማርኛ ስናዞር ምናሌው በከፊል አማርኛ፣ በከፊል እንግሊዝኛ ሆነ፤ ትርጉሙን በበጎ ፈቃድ የሠሩት ሰዎች የደረሱት እስከዚያ ድረስ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ሳቁ። አንዷ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ግን እንግሊዝኛ የቀሩትን ቃላት በደብተሯ እየጻፈች ከጎናቸው አማርኛውን ታሰፍር ጀመር። «ይህን ለምን ትጽፊያለሽ?» ብላት «ኡስታዝ፣ ያልጨረሱትን ነዋ!» አለችኝ። ገና አሥራ አራት ቃል ላይ ናት፤ ለአንዳንዱ የሰጠችው ትርጉም ከመጀመሪያዎቹ ተርጓሚዎች የሚሻል ይመስለኛል፤ የመምህር አድልዎ ካልሆነ።

ባለፈው ወር ከከሚሴ አካባቢ አንድ መምህር መጥተው ፍላሿን አስገለበጡ። እሳቸው ጋ ያሉት ላፕቶፖች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ዋይፋያቸው የእኛ ካወጣናቸው ካርዶች አንዱ ነው። ተማሪዬ ደብተሩን ገልጦ «የወጣ» ከሚለው ዓምድ ላይ የፈርምዌሩን ስም በጣቱ አሳያቸው፤ ፓኬጁን ከሙሉው ኢሜጅ ፈልጎ በሌላ ፍላሽ ሰጣቸው። ዝርዝሩንም በወረቀት ገለበጡት። ሲወጡ ግን በር ላይ ቆመው «የአፋን ኦሮሞው መጻፊያ ላይ የቁቤ መዝገበ ቃላት የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዬ እኔን አየ። ለፍላሿ ስንት ሜጋባይት እንደተረፋት ሊያሰላ ተቀመጠ።